ለካንፌ ኾፍ ብለሽ አትምጪ

አሽቀሎን፣ ራማት ኤሽኮል
እሑድ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2025

ለምሳሳልሽ ልጄ ለሞሪያ፣

እንዴት ነሽ? ብራዚል ሙቀቱ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ይኼን በስልክ እንዳልነግርሽ ሳልጨርስ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኦፊር ቤቴ መጣ። አዎ፣ የካንፌ ኾፍ አውሮፕላን ፋብሪካ ሜናሄል፣ አለቃው፣ አባትሽን ያባረረው።

ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሽ ሁሉን አልነገርንሽም። ፋብሪካው ሲጀመር የኦፊር አባት በአንድ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራ ነበር። አባትሽ የተቀጠረው ያኔ ነው። ከአዲስ አበባ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ስንመጣ፣ "ይኼን የሠራ እጅ ይባረክ" ሲል የነበረ ሰው ነው። አውሮፕላን የሚሠራበት ቦታ ሰው ይፈልጋሉ ሲሉት ደስታው ወሰን አጣ። ክንፍ ማጣበቅ ተማረ። ሽማግሌው ያከብረው ነበር፤ በበዓል ቀን ቤታችን ድረስ መጥቶ ያውቃል።

ሽማግሌው ሞቶ ኦፊር ሲተካ ሁሉም ነገር አበጠ። የእርሻውን ትቶ ሰው አልባ አውሮፕላን ጀመረ። ከውጭ አገር ትእዛዝ ጎረፈለት፣ አዲስ አዳራሽ አሠራ፣ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ላይ የራሱን ጀልባ አሰረ። አንድ ጊዜ ትእዛዝ በቀኑ አልደርስ ሲለው፣ ጊዜው ያለፈበትን ማጣበቂያ ተጠቀሙ አለ። ሠራተኞቹ አይሆንም ቢሉት አልሰማም። በሙከራው ቀን ገዢዎቹ ባሕሩ ዳር ቆመው ሲያዩ ክንፉ ተገንጥሎ አውሮፕላኑ ውኃ ውስጥ ገባ። ኦፊርም በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን አባትሽ ላይ ቀሰረ። "ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ነው ያጣበቀው" አለ።

ከዚያ ወዲያ አባትሽን የሚቀጥረው ጠፋ። ምኩራብ መሄድ ተወ፤ ሰው ሲያይ አንገቱን ይደፋል። እንዲህ እንዳለ ሞተ። በሰባቱ ቀን ለቅሶ፣ በሺቫው ላይ፣ አቪኤል የሚባለው የፋብሪካው ዕቃ ቤት ሠራተኛ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ማጣበቂያውን ያስወጣው ኦፊር ራሱ እንደነበር ነገረኝ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ፋብሪካ በር መዘጋት ስለምን ኖርኩ። ትእዛዙ እየቀረ፣ ሰው እየተቀነሰ ሲሄድ፣ መንገዴ ባልሆነ አውቶቡስ ተሳፍሬ የጨለመውን አዳራሽ አይቼ እመለስ ነበር። እንደ ማር ይጣፍጠኝ ነበር፣ ልጄ።

ታዲያ ባለፈው ወር አንድ ዓርብ አበባና ኬክ ይዞ መጣ። "ወይዘሮ ሀረጓ፣" አለኝ፣ "ልጅሽ በመሐንዲስነት የምትሠራበት ኩባንያ ፋብሪካዬን ሊገዛ ነው። ግን ሞሪያ መጥታ ካልመራችው አንፈርምም ብለዋል። እሷ ደግሞ 'እናቴ እሺ ካለች' ብላለች።"

ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም? ፈርተሽኝ ይሆናል።

እኔ መልስ ሳልሰጠው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየና፣ "ባለቤትሽ ነው? መልካም ሰው ይመስላል" አለኝ።

አላወቀውም! "ደርሶ ነው" አልኩት፤ "ማንበብ አይችልም ያልከው።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። "ስሊኻ፣ ይቅርታ..." ሲል አቋረጥኩት።

"ለእኔ አትንገረኝ። በሚመጣው ሳምንት አዝካራው፣ የሙት ዓመቱ መታሰቢያ ነው። ስሙን ያጠፋኸው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልሰው።"

አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። የምኩራቡ አዳራሽ ሞልቷል፤ የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ ከፊት ተቀምጠዋል። የተዋሰውን የጸሎት ቆብ፣ ኪፓውን፣ በእጁ ይዞ ቆመና፣ "ያ ክንፍ የተሰበረው በእኔ ትእዛዝ ነው። ደርሶ ጥፋት የለበትም። እኔ ነኝ የዋሸሁት" አለ። ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ የተረጎመላቸው ጎረቤታችን ክንዴ ነው። እስካሁን እዚያው ፋብሪካ ይሠራል።

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሀረጓ፣ ሰውየው ራሱን አዋርዷል፤ ማሪው" አሉኝ።

"አባ፣ የጠራሁት ልሰማው ነው" አልኳቸው። "ልምረው አይደለም።"

በር ላይ ኦፊር ጠበቀኝ። "ያልሽኝን አደረግሁ። አሁን ትጽፊላታለሽ?"

"እጽፍላታለሁ" አልኩት። ፊቱ በራ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አልጠየቀኝም።

ይኸው ጻፍኩልሽ፦ አትምጪ። አባትሽን ባዋረደበት ፋብሪካ አንቺ መሐንዲስ ሆነሽ እሱን አታድኚውም። በሩ ይዘጋ፣ ጀልባውንም ይሽጥ።

የክንዴ ሚስት ሲሳይነሽ ይኼን ሰምታ፣ "ያንቺ ቂም የእኔን ልጆች ጦም ሊያሳድር ነው" አለችኝ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞራለች። ቀድሞ ገበያ ስትሄድ የኔንም ታመጣልኝ ነበር። ይሁን። የእኔ ባል ሲባረር ማን ጦሙን አደረ?

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከአዝካራው ስመለስ ሆዴ በደስታ ሞልቶ ነበር፤ እየሮጥኩ መጣሁ ማለት ይቻላል። ቤት ስገባ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ኩባንያሽ መልስ ሲጠይቅሽ እናቴ እምቢ አለች በያቸው። በእኔ እምቢታ ካፈርሽ ግን ያንቺ ነገር ነው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።

የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ። እጅሽ የሠራው አይውደቅ። ክፉ ዓይን አይይሽ፤ ብቻሽን አትብዪ።

እናትሽ ሀረጓ

የመኝታ ክፍልሽን ቀለም አስቀባሁት። ነጭ ነው። ትመጪያለሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ቆሽሾ ስለነበር ነው።