የላክህልኝ ፍላሽ

ለወንድሜ ለሃኑስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሮሳሪዮ እንደምን አለች? ያ የወገብ ሕመሟ ተሻላት ወይስ ዛሬም ጎንበስ ቀና ሲያስቸግራት ይውላል? ልጆቹስ፣ ኤሊንና ቶማስ ደኅና ናቸው ወይ? በእናንተ በኩል፣ በዓለም ደቡብ ጫፍ፣ አሁን ብርዱ የሚገባበት ወቅት ነውና የዓሣ እርሻው ላይ ስትውል ደረትህን ሸፈን አድርግ። እኛ ደኅና መባል ከተቻለ ደኅና ነን። እማማ ሲሰጧት ትበላለች፣ ሲነግሯት ትተኛለች። በጎቹ ሊወልዱ ተቃርበዋል። ነፋሱ ግን ፋሲካ ካለፈም በኋላ አልለቀቀንም፤ የጀልባ ቤታችንን ጣሪያ አንዱን ጥግ ገንጥሎ ባሕር ውስጥ ጨምሮታል።

በስልክ በጻፍክልኝ ቁጥር «የአባባ የመጨረሻ ጭፈራ ፎቶ የት አለ?» ትለኛለህ። እስካሁን ነገሩን እያድበሰበስኩ አልፌው ነበር። እማማም «ተይው፣ ሰው አገር ያለ ልጅ አይከፋው፤ ሆድ ይፍጀው» ስላለችኝ ነው። በቀደም ግን «ፎቶ አንሺ ሆነሽ የገዛ አባትሽን ፎቶ ታጫለሽ? የላክሁልሽን የካሜራ መብራት፣ የፍላሹን መመሪያ ብታነቢው ኖሮ እኮ…» ብለህ ስትጽፍ ሆዴ ከዚህ በላይ አልችልም አለ። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር ታቋርጠኝ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ባለፈው መከር ሐኪሙ የአባባ ልብ ደክሟል ያለ ዕለት ደውዬ ለቅበላው ጭፈራ ና ብዬ ለመንኩህ። ያ ወቅት ዓሣው የሚወጣበት ስለሆነ አልችልም አልክ። እሺ፣ ሥራ ሥራ ነው። «በእኔ ፈንታ ፍላሽ እልክልሻለሁ፣ ጥሩ አድርገሽ አንሺው» አልከኝ። የድሮው ፍላሼ መሞቱን ታውቅ ነበርና። እኔም ካሜራዬን የሠራው ፋብሪካ የራሱ ፍላሽ አለው፣ እሱን ብቻ ላክ አልኩህ። አንተ ግን የሌላ ፋብሪካ ላክህ። ስጠይቅህ «ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው፤ ለአንቺ ካሜራ የሚሆን መሆኑ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል» አልክ። እውነትህን ነው፣ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል። ሣጥን ምን ይሉኝታ አለው!

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ሠርቷል። እማማን ሹራብ ስትሠራ አነሳኋት፣ ባሌ ኤይዩንንም ድመቷን አቅፎ አነሳሁት። ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። አመስግኜም ጽፌልሃለሁ። ከዚያ በጥር ወር ካሜራው ራሱ የውስጥ ፕሮግራሙ እንዲታደስ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው እሺ ብዬ አደስኩት። ከዚያ በኋላ የማነሳው ሁሉ ደጅ ነበር፣ ጀልባና ገደል፤ ለዚያ ደግሞ ፍላሽ ምን ያደርጋል? በመካከላቸው ነገር መበላሸቱን በምን ልወቅ?

የቅበላው ሰኞ ሕዝቡ አሮጌው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰበሰበ። መብራቱን አባባ እንደሚወደው አደብዝዘውት ነበር። አባባ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በኤይዩን ክንድ ተደግፎ ገባ። ገና በር ላይ ሳለ ጎረቤታችን ዮርዲስ ጀመረችው። ሁለቱ በአንዲት ስንኝ የተነሳ ዕድሜ ልካቸውን እንደተጨቃጨቁ ታውቃለህ፤ እሷ የአማቷን አባባል ትላለች፣ እሱ የአያታችንን።

«ዴሙስ፣ ዛሬም ያቺን የተሳሳተች ስንኝህን ልታወርድልን ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀበይ! እግርሽ ከአፍሽ ይሻላል» አላት። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ሃኑስ፣ ያን ሰዓት ብታየው ኖሮ የታመመ ሰው ነው አትልም ነበር።

ቀለበቱ ተሠራ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ወለሉ በእግር መመታት ጀመረ። አባባ ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል። ድምፁ ቀጥኗል እንጂ አልተቆረጠም። እኔ ቀለበቱ መሀል ገብቼ ካሜራዬን አነሳሁ፣ ተጫንኩ። ምንም የለም። የፍላሹ ትንሿ መብራት ዝግጁ ነኝ ትላለች፣ ፍላሹ ግን ዝም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። አሁንም ዝም። መግጠሚያውን በእጅጌዬ ጠርጌ አጥብቄ ገፋሁት። በዚህ መሀል ቀለበቱ ዞሮ አባባ ፊት ለፊቴ መጣ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቦ፣ ቀና ብሎ፣ «መርከቡ ወደ ምድር ሲቃረብ» የምትለዋን፣ ያቺኑ የሚጨቃጨቁባትን ስንኝ በሙሉ አፉ እያወረደ። ተጫንኩ።

ፍላሽ የሚያበራው ካሜራው የጠየቀውን ያህል ብቻ ነው። ይኼኛው ያለ የሌለ ኃይሉን አንድ ጊዜ ለቀቀው። ቤት ውስጥ መብረቅ የወደቀ መሰለ። ሞራው ከዓይኑ ከተገፈፈ ገና አንድ ክረምት አልሞላውም። አባባ በጎኑ ያለውን ሰው እጅ ለቀቀና ዓይኑን ሸፈነ። ቀለበቱ ተበጠሰ።

«የት ነበርኩ?» አለ።

እኔን አልነበረም የጠየቀው፣ ወለሉን ነው። እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፣ አንድም ቀን ስንኝ ጠፍቶበት አያውቅም። እግሮች ጥቂት እየመቱ ጠበቁት፣ ከዚያ እነሱም ቆሙ። ካሜራው እጄ ላይ ደርቆ ቀረ፤ የትኛውንም ቁልፍ ብነካ አይመልስም። እኔም እንደ ካሜራው ደርቄ ቆምኩ።

ስንኟን ያነሳችው ዮርዲስ ናት። ያውም በራሷ አባባል አይደለም፣ በእሱ አባባል። ዕድሜ ልኳን ስህተት ነው ያለችውን፣ ቃል ሳታዛንፍ አወረደችው። ሰው ተቀበለ። አባባን ግራና ቀኝ ይዘውት ቀለበቱ እንደገና ዞረ። እግሩ አልሳተም። አፉ ግን ተዘግቶ ቀረ።

ሲያበቃ ጥግ ላይ አስቀመጥነው። የደረቀ የበግ ሥጋ ቢያቀርቡለት ሰሃኑን ገፋው። ለእማማ ብቻ «ብርሃኑ ዘፈኑን ጠረገብኝ» አላት። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ይቅር በለኝ ስለው ራሴን ዳሰሰና «አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ፣ ዕቃው ነው እንጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በመጋቢት እስኪቀበር ድረስ አንዲት ስንኝ አላነሳም። ኤይዩን ሆን ብሎ አጠገቡ ይጀምርና ያበላሸዋል፣ እንዲያርመው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ፍላሹ ገደለው አልልም። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል፣ እኔም አምኛለሁ። ግን በዘፈን የኖረ ሰው የመጨረሻ ቀኖቹን ያለ ዘፈን ጨረሰ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለቱን ዕቃ ይዤ ቶርስሃውን ከተማ ወደሚገኝ ካሜራ ቤት ሄድኩ። ሻጩ አገላብጦ አያቸውና «ካሜራሽና ፍላሽሽ ተኳርፈዋል» አለኝ። ካሜራው ከፍላሽ ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ቋንቋ አለው፤ ባለቤቱ ፋብሪካ ለማንም አያስተምርም። የዚህ ፍላሽ ሠሪዎች ከደጅ ሆነው አዳምጠው ነው የለመዱት። ካሜራው ሲታደስ አነጋገሩ ተለወጠ፤ ፍላሹ በድሮው ቀረ። ካሜራው «ጥቂት ስጠኝ» ሲለው አንዳንዴ አይሰማም፣ አንዳንዴ «ሁሉንም ስጠኝ» ያለው ይመስለዋል። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ለካሜራው ፋብሪካ ጻፍኩ፦ የምንጠየቀው በራሳችን ፍላሽ ብቻ ነው አሉኝ። ለፍላሹ ፋብሪካ ጻፍኩ፦ ለውጡን ያመጣው ካሜራው ነውና እነሱን ጠይቂ፣ ያንቺ ዓይነት ፍላሽ ደግሞ አይታደስም፣ አዲሱን ግዢ አሉኝ። አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋኝ ከረመ። ሦስተኛው ገፊ አንተ ሆንክ፦ መመሪያውን አላነበብሽም። አንብቤዋለሁ ሃኑስ። ለካሜራሽ ይስማማል ነው የሚለው።

አሁን ደግሞ ከእማማ በቀር ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጢሙን ስላጨው አባባ ምን አለ መሰለህ? «ፎቶዬን ለሃኑስ ትልኪለት የለ? እንግዲያው አንቺ ጋ ስደርስ ቀና እላለሁ፣ ፊቴን ደህና አድርጎ ይየው።» ቀና ያለው ለዚያ ነው። ሁልጊዜ ሲያወርድ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጫማውን ያይ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ያን ብርሃን በሙሉ ዓይኑ የተቀበለው ለአንተ ብሎ ነው።

ፎቶው አለ። ሻጩ ከካሜራው አውጥቶልኛል፤ ከዚህ ወረቀት ጋር አድርጌዋለሁ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ ዓይን የለውም፣ የተከፈተ አፍ ብቻ ነው የሚታየው። ላስተካክለው ብሞክር ነጭ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም። ለልጆቹ አታሳያቸው።

እማማ በበጋ ይመጣል ብላ አልጋህን አንጥፋለች፤ እኔ ይመጣልም ይቀራልም አላልኳትም። አዲስ ፍላሽ ልላክ ብለሃል፤ አትላክ። ከመጣህም ምንም ይዘህ አትምጣ። እጅህን ባዶ አድርገህ ና፤ ቀለበቱ ውስጥ የሚፈለገው እጅ ነው።

እማማ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ለሮሳሪዮ የሠራችው ሹራብ አንድ እጅጌ ቀርቶታል። ኤይዩን ሰላም ይልሃል፤ እሱ ባይከለክለኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ከዚህም ይከፋ ነበር። ዮርዲስ በእሷ በኩል ልጆቹን ሰላም በይልኝ ብላለች፣ ለአንተ ግን ምንም አላለችም። ኤሊንንና ቶማስን አክስታችሁ ናፍቃችኋለች በልልኝ።

እህትህ በርግቶራ

ቪያሬይዲ፣ ፋሮ ደሴቶች
ኤፕሪል 14 ቀን 2013