ቡፌው የነበረበት ቦታ

እማዬ፣

ከተለየሽን አሥረኛ ወሩን ያዘ። በዐቢይ ጾም መሐል ሸኘንሽ፤ ገናም ያለ አንቺ መጥቶ አለፈ። ያደረግሁትን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

ባለመስታወቱ ቡፌ የለም። ውስጡ የነበረውም ዕቃ የለም።

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ሳትገዢ አትውይም ነበር። ለእንቁጣጣሽ ፔርሙስ፣ ለገና ብርጭቆ፣ ለፋሲካ ሳህን። የሚዛን ከተማ ዝናብ ገበያ ላይ ሲይዝሽ ነጠላሽን ከራስሽ ላይ አውርደሽ ካርቶኑን ትሸፍኚበት ነበር። እኔና ብርቱካን ግን በፕላስቲክ ኩባያ እየጠጣን አደግን። ደህናው የእንግዳ ነው ትይናለሽ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ለትልቅ ቀን ይቆይ ትያለሽ።

በመጨረሻሽ ዕለት ጠዋት አንገትሽን ደግፌ ውኃ ላጠጣሽ ስል ኩባያውን አየት አድርገሽ ፊትሽን አዞርሽ።

«ዛሬስ በደህናው ስጪኝ» አልሽኝ።

የቡፌውን ቁልፍ ከትራስሽ ሥር አጣሁት፤ ቦርሳሽ ውስጥም የለም። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ጀርባ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከፍቼ አንድ ብርጭቆ አወጣሁ። እሱም አቧራ ይዞ ነበር፤ አጠብሁት። ቀድቼ ስመለስ ዓይንሽ በሩን እያየ ነበር፤ አንቺ ግን አልነበርሽም። ይህን ለብርቱካን አልነገርኳትም። ለቅሶ ቤት «በሰላም ነው ያረፈችው» ስል ሰምታ በዚያው ተጽናናች።

ከዚያ ወዲህ በቡፌው ፊት ማለፍ ከበደኝ። ብርጭቆዎችሽ እንደ ደረደርሻቸው ተደፍተው አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። የገና ጾም ሲገባ ጎረቤቱን ጠርቼ ውሰዱልኝ አልኩ። እትዬ ወርቅነሽ፣ ያቺ ከአጥር ማዶ ያለችው ጓደኛሽ፣ ኀዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ትንሽ ቆዪ ብላ መከረችኝ። አልሰማኋትም። ቡፌውን አራት ሰው ተሸክሞ አማን ከተማ ለምትኖር አዲስ ሙሽራ ወሰደላት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የምንበላበት ጥቂት ሳህን ቀረኝ። ለመጥረግ ይቀላል እማዬ። ግን ሳስል ሳሌ ግድግዳውን መትቶ ወደ እኔ ይመለሳል።

ብርቱካን በገና ዋዜማ ከቴፒ መጣች። እንደ አንቺ ወግ አዲስ መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ ይዛ። በሩ ላይ ስትደርስ የሰው ቤት የገባች መስሏት ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚያ ቡፌው የነበረበትን አየችው። ግድግዳው ሌላው ቦታ ጠቁሮ እዚያ ጋ ብቻ ቀለሙ እንደ ተቀባ ቀን አረንጓዴ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም የቡፌው።

«እማዬን ሁለተኛ ቀበርሻት» አለችኝ። መጋረጃውንም ከፌስታሉ አላወጣችው።

በበዓሉ ቀን እትዬ ወርቅነሽ ጠራችን። ጠላ ቀድታ ያቀረበችልን ከንፈሩ ወርቅ በተቀባው ብርጭቆሽ ነው። ብርቱካን አወቀችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። በጓሮ፣ የተሰጣው ቡና አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ቁልፉ፣ በሩን ስለሚያየው ዓይንሽ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቡናውን በእጇ አገላበጠች። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጠጣችው። እትዬ ወርቅነሽ ምንም ሳትጠይቅ ደግማ ቀዳችላት።

ወደ ቴፒ ልትመለስ የተነሳች ቀን ሻንጣዋን ይዛ መሐል ቤት ቆማ ትሰናበተኛለች። ቡና የጫነ ትልቅ መኪና በመንገዱ አለፈና ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ከአረንጓዴው ግድግዳ በኩል ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ አንቺ መስታወቱን ስትከፍቺ የሚሰማው ዓይነት። በቤቱ የቀረ ብርጭቆ አንድ እንኳ አልነበረም።

ብርቱካን ፊቷ ተለወጠ።

«ሰማሽ?»

«ዕቃው ከወጣ ጀምሮ ነው» አልኳት።

አብዳለች እንዳልባል ለማንም ሳልናገር የከረምኩትን እሷም ሰማችው። ሻንጣዋን አስቀመጠች። የቴፒው መኪና የዚያን ቀን ጥሏት ሄደ። እኛም ማዕድ ቤት ሳንገባ፣ ምንም ሳንቀምስ፣ ሌላ መኪና እስኪያልፍ አብረን ስንጠብቅ ዋልን። ደግሞም አለፈ፤ ደግሞም ሰማን።

በማግሥቱ መጋረጃዋን ይዛ ሄደች። ስቀዪው ብላ አልለመነችኝም፤ በሩ ላይ አቅፋኝ ብዙ ቆየች እንጂ።

ፋሲካ ሲቃረብ ዓመት ይሞላሻል። ምንም አልገዛም እማዬ፤ ግድግዳውንም ቀለም አላስቀባም። ብርቱካን እመጣለሁ ብላለች። እዚያው አረንጓዴው ሥር ምንጣፍ አንጥፈን፣ ስምሽን እየጠራን፣ ያልነገርንሽን እየነገርንሽ እንውላለን። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚያ ቦታ ሌላ ዕቃ አይቆምም።

ብትመጪ ቦታ አለ።

ልጅሽ