የጀነሬተሩ ቦታ

ለመጨረሻዋ ልጄ፣ ሐዋሳ

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይብዛ። እንዴት ከረማችሁ? ባልሽ ወገቡን ተሻለው? ትንሿ ጥርስ አወጣች ሲሉ ሰማሁ፤ ጣታችሁን ጠብቁ፣ በእናትሽ ወገን ነካሾች ናቸው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩትን ደህና ነኝ ብለሽ አንብቢው፣ እንደ ነርስ ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

ስልክ እያለ ወረቀት መላኬ ገርሞሽ ይሆናል። በስልክማ አንቺ የምለውን አትሰሚም፣ የምትሰሚው ትንፋሼን ነው። አንድ ነገር ጀምሬ አየር ልስብ ቆም ስል፣ አባዬ ማሽኑን አላደረግከውም እንዴ፣ መብራት ጠፍቷል እንዴ ትያለሽ፣ ከዚያ ማልቀስ ነው። ባልሽ ስልኩን ይቀበልሽና፣ አባባ ወደኛ ይምጡ፣ ሐዋሳ መብራት አይጠፋም ይለኛል። ይጠፋል። ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽን ሹፌር ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ወረቀት ላይ ትንፋሽ አይሰማም፤ ስለዚህ እስኪያልቅ ዝም ብለሽ ታዳምጪኛለሽ። የእናትሽ የጸሎት ጓደኛ ገነቴ እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ቢንጋደድም አትሳቂ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ምስክር ወረቀት የተቀበልኩ ነኝ።

ያልሽውን አልረሳሁም። ወይ ጀነሬተር ግዛ፣ ወይ ለያሆዴ በዓል መጥቼ ጠቅልዬ እወስድሃለሁ ነው ያልሽው። ጠቅልዬ! እኔ ፍራሽ ነኝ? ከጊምቢቹ አልወጣም ብያለሁ፣ አልወጣም።

መብራቱ ላይ ግን እውነትሽን ነው። ዝናብ ሲያስገመግም ይሄዳል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይሄዳል። ከሆስፒታል ስወጣ የገዛሽልኝ የኦክስጅን ማሽን ደግሞ መብራት ከሌለ ተራ ሣጥን ነው። መብራት ኃይል ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ መስመር ላይ ሰው አለ ይሉኛል። በሌላ ቀንም መስመር ላይ ሰው አለ። ይሄ ሰው መስመር ላይ መኖር ከጀመረ ሚስት አግቡለት ብያቸው ወጣሁ።

ስለዚህ ሆሳዕና ወረድኩ፣ ረሻድ ሱቅ። አባቱ ራዲዮ የሸጠልኝ ነው፣ አሁን ልጁ ይዞታል። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር። ረሻድ፣ አባባ ምን ምን ሊያስነሱበት ነው አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምተነፍሰው ከሶኬት ነው ልበለው? አምፖልና ቴሌቪዥን ነው አልኩት። ጋዜጣ ላይ ሊያወጣው ይመስል እንደገና ጠየቀኝ፣ ሌላስ? ሌላ የለም አልኩ፣ ተቆጣሁም። እንግዲያው ይቺ ትበቃዎታለች ብሎ እንደ ቦርሳ የምትንጠለጠል ትንሽዬ ነገር አወረደልኝ። በገመድ ተስባ ነው የምትነሳው። እሱ አንዴ ሳብ ሲያደርጋት ተነሳች። ይሞክሯት ሲለኝ፣ እኔ ገመድ ስስብ ነው ያደግኩት ብዬ ሳልሞክር ይዣት መጣሁ።

ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቶ ቆየኝ። ገመዱን ሳብኩ፣ ዝም። ደግሜ ሳብኩ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ተቀመጥኩ ብቻ። ገነቴ በአጥሩ አይታኝ መጣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ አንዴ ሳብ አድርጋ አስነሳቻት። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታወራዋለች። ደስታችን ግን አልቆየም። የኦክስጅኑን ማሽን ስንሰካባት ማሽኑ ቀይ አብርቶ ጮኸ፣ ጀነሬተሯ ጭቃ እንደያዘው በሬ አቃሰተችና ጠፋች። እንደገና አስነሳናት፣ እንደገና ጠፋች። ገነቴ፣ ለሻጩ ምን እንደምትሰካባት ነግረኸው ነበር ወይ አለችኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ሽቦውን መጠቅለል ጀመርኩ። አሃ አለች። የእናንተ የሴቶች አሃ አንድ ቀን ይገድለኛል።

በማግሥቱ ይዣት ተመለስኩ፣ ለመጣላት ተዘጋጅቼ። ረሻድ አያት፣ አሸተታት፣ አባባ ይቺን ያደከማት አምፖል አይደለም አለኝ። ያን ጊዜም ሰው ነበር። ከሰው ሁሉ ይልቅ ደግሞ አንድ የማውቀው የጃጁራ ሽማግሌ ሚስማር እየመረጠ አጠገቤ ቆሟል። ምን አደርጋለሁ፣ ትንፋሽ ነው አልኩት፣ ትንፋሽ የሚሰጥ ማሽን ነው። ረሻድ በርጩማ አመጣልኝ። መቀመጥ አልፈለግኩም ነበር፣ ተቀመጥኩ። ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ እሱን ይንገሩኝ አለ። ገነቴ ጋ ደወልን፣ እኔ ቤት ገብታ ቁጥሩን እንደ ጥቅስ ጮክ ብላ ደጋግማ አነበበችለት። እንደዚህ ያለ ማሽን ሲነሳ ከሚሠራበት ጊዜ የበለጠ ይስባል፣ ስለዚህ ልኩን ሳይሆን ከልኩ ከፍ ያለ ነው የሚገዛው አለኝ። ገመድ ያለውንም ከለከለኝ፤ በቁልፍ የሚነሳ ያስፈልግዎታል፣ ገመዱን የሚስበው ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከሆነ ምን ዋጋ አለው አለኝ። ይህንንስ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። የናፍጣም አለ፣ ሲነሳ ግን የሱቁ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የቤንዚኑን መረጥኩ። ሳንጣላ ተለያየን፣ እንዲያውም ትንሿን መልሶ ወሰደልኝ።

ቤንዚን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማደያው በጀሪካን አንቀዳም፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ጊምቢቹ ተመልሼ ደብዳቤ ላጽፍና እንደገና ልምጣ? ጀነሬተሩን ከሱቁ ካመጣኝ ባጃጅ አስወርጄ ከቀጂው ፊት አስቀመጥኩት። ይሄ ጀሪካን ነው? ታንክ አለው፣ ክዳን አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ከዚህ ባጃጅ በምን ያንሳል አልኩት። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባ ነፉ፣ አንዱ አባባ ታርጋውስ የታለ ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ሳቀ። ቀጂው ራሱ እየሳቀ ሞላልኝ። ከዚያ በአይሱዙ አስጭኜ ይዤው መጣሁ።

አለቀ ብለሽ ይሆናል። አላለቀም። የት ይቀመጥ?

ረሻድ ቤት ውስጥ እንዳያስነሱት፣ በረንዳም ላይ አይሆንም፣ ጭሱ ውስጥ የማይታይ የማይሸት መርዝ አለ፣ ሰው ሳይነቃ ነው የሚወስደው ብሎኛል። አንቺም ብለሽኛል። ማድቤት ላደርገው ነበር፣ ግን ግድግዳው ከመኝታዬ ጋር አንድ ነው። በፊት በኩል መንገድ ነው፣ አንድ ቀን ሳይሰረቅ አያድርም። በግራ የጎረቤት ልጆች መስኮት አለ። የቀረው ጓሮው ነው፣ ከእንሰቱ በታች። እዚያ ደግሞ ማን እንዳለች ታውቂያለሽ።

ጀነሬተሩን ላስቲክ አልብሼ ተውኩት። እናትሽ ጫጫታ አትወድም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ስፒከር ሲለቀቅ የምትወጣ ሴት ነበረች። ጆሮዋ ሥር ሞተር ላስነሳባት? በዚያ መሃል መብራት ይሄድ ነበር፣ እሱን እንለፈው። ገነቴ ግን አላለፈችውም። አንድ ጠዋት በሩን ከፍታ ገብታ ከንፈሬ ጠቁሮ አየችና ጮኸችብኝ። ሚስትህን እንቅልፍ ያሳጣት የነበረው ያንተ ሳል ነው፣ ሞተር አይደለም፣ አንተ በደንብ ስትተነፍስ ብትሰማ ሞተሩን በዘፈን ትቀበለው ነበር አለችኝ። ገነቴ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

እዚህ ላይ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከሆስፒታል እንደተመለስኩ ወንዳፈረውን አስጠርቼ ነበር፣ የእናትሽን መቃብር የሠራውን ግንበኛ። ከጎኗ መሠረት አስወጣሁት፣ ድንጋይ አስደረደርኩ፣ ወለሉን በሲሚንቶ አስሞላሁ። ሐዋሳ ላይ ብሞት ሐዋሳ እንዳትቀብሩኝ፣ እናንተም በኔ እንዳትጨቃጨቁ ብዬ ነው። ቀለሙን ሳይቀር መርጬ ነበር። አሁን አትቀየሚኝ፣ ሰው በራሱ ግቢ ያሻውን ያሠራል።

እንግዲህ ጓሮውን ዞሬ ዞሬ ባይ፣ ከዚያ ወለል የተሻለ ቦታ የለም። ደረቅ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ጎርፍ አይደርስበትም፣ ከመስኮት የራቀ ነው፣ ነፋሱም ጭሱን ከበታቹ ወዳለው ገደል ይወስደዋል። ወንዳፈረውን እንደገና አስጠራሁት። በሁለት ጎን በብረት ፍርግርግ ክፍት የሆነ፣ ቁልፍ ያለው ቤት ሥራልኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ ለጀነሬተር አልኩት። ቆቡን አወለቀ። አባባ፣ ይሄ የርስዎ ቦታ አይደለም እንዴ አለኝ። የኔ ነው፣ አከራይቼዋለሁ አልኩት። የግንበኛ ማንኪያው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ እስክተነፍስ ድረስ ቆም ብሎ ጠበቀኝ።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ። ገነቴ ሄዳ ቁልፉን አዞረችው፣ ተነሳ። የኦክስጅኑ ማሽን አልጮኸም። እኔ መስኮቱ ጋ ቱቦዬን አድርጌ ተቀምጬ ወደ ጓሮ ሳይ ነበር። ገነቴ ከእናትሽ ራስጌ ቆማ ጥቂት አዳመጠችና፣ እጇን አውለብልባልኝ ማድቤት ገባች።

ስለዚህ ለያሆዴ ኑ፣ ግን ለመብላት ኑ። ጥርስ ያወጣችውን አምጪልኝ። ባዶ ሻንጣ ይዘሽ እንዳትመጪ። ባልሽ ከፈለገ ሞተሩን ራሱ ያስነሳው፣ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።

የሞተሩ ቤት የጎደለው ጣሪያው ብቻ ነው። ወንዳፈረው ዛሬ ጠዋት መጥቶ የትኛውን ቆርቆሮ ላምጣ አለኝ። ስሱ ርካሽ ነው፣ ለሁለት ሦስት ክረምት ይበቃል አለና ፊቴን አየት አደረገ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየ። ወፍራሙን አምጣ አልኩት።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ፣ ትዳርሽን ያጽናው፣ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። በሉ ደህና ሁኑ።

አባትሽ
ጊምቢቹ