ጢሱ የቀረበት ሰሞን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሃክሱ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባሕሩ፣ የዓሣ መርከቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ? ባለቤትህ ሶንሚስ ደኅና ናት? ትንሿ ዳሶም አደገች? ላስ ፓልማስ በክረምትም ሙቀት ነው ትለኛለህ፤ ታድለህ! እኛ እዚህ ጄቾን አፍንጫችን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም አሁን ደኅና ናት። «አሁን» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

በዚህ በጥር መግቢያ፣ ከአዲስ ዓመት ማግስት ጀምሮ፣ ወለሉን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር ይጠፋብን ጀመር። ወለሉ ለብ ይልና ወዲያው በረዶ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የብልሽት ቁጥር ያበራል፣ እማዬ አጥፍታ ታበራዋለች፣ ትንሽ ይሠራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ታውቀኛለህ፤ ዕቃ በገዛ እጁ ይበላሻል ብዬ አላምንም፤ የነካካው ሰው አለ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እማዬን ነው። ጋዝ ለመቆጠብ «ከቤት ወጥተናል» የሚለውን ቁልፍ ተጭና እንደሆነ አየሁ፤ አልተጫነችም። ወደ አንተ ክፍል ወለል የሚሄደውን ሙቅ ውኃ ዘግታ እንደሆነ አየሁ፤ ክፍት ነው። የውኃው ግፊት ልክ ነው። ከሥር ያለው ቀጭን የውኃ ማስወገጃ በርዶ ይሆናል ብዬ በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው ዋልኩ። ወይ ፍንክች!

ጠጋኙ ዘንድ ደወልኩ። ቦይለሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ገና ስነግረው «መለወጥ ሳይሻል አይቀርም» አለኝ። ሳያየው! ሌባ ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዚያ ጎረቤታችን ጋሽ ባንግ ትዝ አሉኝ። በኅዳር «የቦይለራችሁ ጢስ ሚስቴ ለወጥ ማጣፈጫ እንዲደርቅ ጣሪያ ሥር የሰቀለችውን የአኩሪ አተር ጡብ አረጠበብን፤ ቱቦውን ወዲያ አዙሩልን» ብለው እምቢ ብያቸው ነበር። ሰሞኑን ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ቱቦአችንን ሲያዩ ያዝኳቸው። «ምን ጠፋብዎት?» ብላቸው «ኧረ ምንም» ብለው ወረዱ። ኧረ ምንም! አገኘሁት አልኩ። ሚስታቸው ያቦካችውን የጎመን ኪምቺ ብትልክልን ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩላት። እማዬ ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ማለት ጀምራ ነበርና ምን አውቃለሁ፣ ምን እንደጨመሩበት?

ማክሰኞ ዕለት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ልገዛላት ገበያ ሄድኩ። ስመለስ የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መስኮቱ ላይ ለብርድ የለጠፍኩት ላስቲክ ተቦጫጭቋል፣ እማዬ በጋሽ ባንግ በረንዳ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጮኽኩ። «እናቴን ምን አደረጓት? ሰው ቤት ምን ሊሠሩ ገቡ?» አልኳቸው። ሽማግሌው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ልጄ፣ ቱቦአችሁ ጢስ ካቆመ ሰነበተ። ጡቦቻችን እኮ ደረቁ! የቦይለሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ጢስ ግን የለም። ነገሩ አላማረኝም። ልነግራችሁ ብመጣ ወድቃ አገኘኋት» አሉኝ። በጀርባቸው አዝለው ነው ያወጧት። ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ የጢስ መርዝ ነው፣ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለኝ።

ሌባ ያልኩት ጠጋኝ መጣ። ቦይለሩን እንኳ ሳይከፍት ወደ ጓሮ ዞሮ መሰላል ላይ ወጣና ጠራኝ። የጢስ መውጫው አፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። እንፋሎቱ ጨርቁን አርሶት፣ ብርዱ ሲጠና ድንጋይ ሆኖ ቱቦውን ደፍኖታል። መውጫ ያጣው ጢስ ባረጀው መጋጠሚያ ሾልኮ ሽታም ሳይኖረው ቤት ገባ። «አላልኩም! ባንግ ነው!» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩ። ጋሽ ባንግ አጥሩ ጋ ቆመው ይሰሙኛል።

ከዚያ ገመዱን አየሁት። የዓሣ መረብ ገመድ ነው። ጨርቁም የእማዬ ባለ አበባ ብርድ ልብስ ነው። ቋጠሮውን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሻንጣህንም ጫማህንም በእሱ ነው የምታስረው። ሃክሱ፣ በመከር በዓል መጥተህ ያሰርከው ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። «በዚያ ቱቦ ነፋስ ይገባብኛል ስለው አሰረልኝ» አለች። ጎረቤት ስሰድብ ስሰነብት ዝም ያለችበትን ምክንያት ብጠይቃት አፈጠጠችብኝ፦ «ልጄ እንዳይበርደኝ ብሎ ያደረገው ይገድለኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

አንተም አታልቅስ። መስኮቱን በላስቲክ ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ አየር የከለከልናት ሁለታችንም ነን። አሁን ቱቦው ተለውጧል፣ መርዙን ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያም አስገጥሜአለሁ። ዝም ሲል ስለምጠረጥረው እየሄድኩ መሞከሪያውን እጫነዋለሁ። ጋሽ ባንግ ዘንድም ፍራፍሬ ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቱቦውንም ወዲያ አዞርንላቸው።

ሶንሚን ሳምልኝ፤ ዳሶምን አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። እማዬ ጓንትህን አድርግ ብላሃለች። የጋሽ ባንግ ሚስት ኪምቺውን መልሳ ልካልናለች፤ በልተናል፤ ሰላም ትልሃለች። ጋሽ ባንግም ሰላም ብለውሃል፤ «የዚያ ልጅ ቋጠሮ አልፈታ ብሎን በመቀስ ቆረጥነው፤ መርከቡ በደኅና እጅ ነው በይው» አሉኝ።

እህትህ ኦክሂ
ጄቾን፣ ጥር 14 ቀን