ንግሥቲቱ አምላኳን «ጣዖት» ያለችበት ቀን

ውድ ጋሽ ሀብተማርያም፣

ደኅና ነኝ ብዬ ብጀምር ከመጀመሪያው መስመር መዋሸት ይሆንብኛል። ስልክዎን ያላነሳሁት ድምፅዎን ከሰማሁ ቁጣዬ እንደሚበርድ ስለማውቅ ነው።

ዲግሪዬን በያዝኩ በሁለተኛው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ስቱዲዮ ይዘውኝ ሄደው «ያልኳችሁ ልጅ ይቺ ናት» አሏቸው። የሂንዱዎችን ጥንታዊ ተረክ እንደገና የሚተርክ የህንድ ድራማ ወደ አማርኛ ሊመለስ ነበር። ተርጓሚዋ እኔ፣ አርታኢው እርስዎ። ድራማው የተነሣበትን ልቦለድ ሜትሮ ባቡር ላይ ሁለቴ ጨረስኩት። በጥንቱ ተረክ ከጠላት እጅ የተመለሰችው የንጉሡ ሚስት ንጽሕናዋን በእሳት ውስጥ አልፋ ታሳያለች። ልቦለዱ ግን ለእሷ አንደበት ሰጣት። እሳቱ ፊት ቆማ «አምላክ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ፤ እሱ ግን ሊጠይቅህ እንኳ አልፈለገም» ትላለች። ይህችን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌያታለሁ።

ማክሰኞ ድምፅ ሲቀረጽ፣ ንግሥቲቱን የምትጫወተው ፀደይ «ጣዖት ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ አነበበችና ቆመች።

«ስሂን፣ ሴትዮዋ እየጸለየች ነው ወይስ እየተሳደበች?»

ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም የሳቅሁ መስዬ ፋይሉን ከፈትኩ። የንግሥቲቱ ገረድ ሳትቀር «በፈጠረሽ ጣዖት» እያለች ትለምናለች። እዚያው ገጽ ላይ ግን «አምላኬ» የሚለው ሳይነካ ቀርቷል። ኮምፒዩተሩ ስለ «ክ» እንጂ ስለ «ኬ» አልተነገረውም። ጋሼ፣ አላነበቡትም። በአርባውም ክፍል «አምላክ»ን ሁሉ በ«ጣዖት» ተካ ብለው ሪፕሌስ ኦል ነው ያደረጉት።

ስደውልልዎ አልካዱም። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደሚያጉረመርም፣ እነ እትዬ አሰፋሽን የመሰሉ ምእመናን ድራማውን የሚያሳየውን ጣቢያ እንደሚያዘጉት ነገሩኝ። ማንም የራሱን አምላክ ጣዖት ብሎ አይጠራም፣ ሌላው ነው እንደዚያ የሚለው፣ እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰምተው ሲጨርሱ «ምን አስጨነቀሽ ስሂንዬ፤ የነሱ ተረት አይደል» አሉኝ።

እናቴን በእንግሊዝኛ እመልስላት የነበርኩትን ልጅ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። «ፀሐይ ሠረቀች»ን በእሳቱ «ሰ» ብጽፍ «ፀሐይዋን ሌባ አደረግሻት» ብለው ገጹን እንደገና ያስገለበጡኝ እርስዎ። ለአንዲት ፊደል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ትናንት ግን የስቱዲዮው ኃላፊ ኦላና ስለ ድራማው አዘጋጆች የስም ዝርዝር የጻፉለትን ኢሜይል አሳየኝ። «የእኔ ስም አይግባ፣ የልጅቷ ብቻ ይግባ» ይላል። እኔ ደግሞ ቀደም ሲል ስሜ ለብቻው መጻፉን ሳይ የእርስዎ ቸርነት መስሎኝ ለእናቴ ደውዬ አልቅሻለሁ። ለካ ስድቡ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ተፈልጎ ነው።

አርባውን ክፍል አንድ በአንድ ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ። ኦላና አርታኢው የፈረመበትን ነው የማስተላልፈው ብሏል። ሁለቱንም ቅጂ ልኬልዎታለሁ። የእኔን ከፈረሙ የሁለታችንም ስም ይገባል፣ የእትዬ አሰፋሽንም ቁጣ አብረን እንሰማለን። የእርስዎን ከፈረሙ ግን የእኔን ስም ይሰርዙና የራስዎን በሙሉ ይጻፉ፤ ከነአባትዎ።

እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

አሁንም የማከብርዎ፣
ስሂን ወንድሜነህ