ለተጨነቀ ሁሉ አልጋ የፈለጉት ሲስተር ጽጌሬዳ አድማሴ (1968–2018 ዓ.ም.)

ሲስተር ጽጌሬዳ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጌ መንግሥቴ፣ የክረምቱ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ከብቱ ወደ ግጦሹ በተመለሰበት በጥቅምት ወር 1968 ዓ.ም.፣ በርብ ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከቤተሰቡ ሁሉ ድምፃቸው ይጎላ እንደነበር ታላላቆቻቸው ዛሬም ያወሳሉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን ወረታ አክስታቸው ቤት ሆነው ተከታተሉ። በ1988 ዓ.ም. ጎንደር በነርስነት ተመርቀው ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ተመደቡ። እዚያም ከመምህር እንዳልካቸው የኔሰው ጋር ተዋወቁ፤ በ1992 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰውመሆንንና ሊድያን ወለዱ። በኋላም ወደ ሆስፒታል ተዛውረው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆኑ። ቁጣቸው ቅርብ ነበር፤ እጁን ሳይታጠብ የሚገባ ሰው ሐኪምም ቢሆን ከበር ይመለሳል። ነገር ግን ተቆጥተው አያድሩም፤ የገሠጹትን ጠርተው ምሳቸውን ያካፍሉታል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲበረታ ክፍሉ የነበረው አራት አልጋ ብቻ ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በባጃጅም በቃሬዛም ይጎርፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አልጋ ተለቀቀ። ደጅ ላይ የሚጠብቁት ግን ሁለት ነበሩ፤ ውባንቺ የተባለች አራስና የሲስተር ጽጌሬዳ አባት አቶ አድማሴ። ሲስተር ተረኛውን ሐኪም ዶክተር ሉቃስን ጠርተው፣ «አንደኛው አባቴ ናቸው። በዚህ ላይ እኔ ቃል የለኝም፤ ሁለቱንም ይዩና ይወስኑ» አሏቸው። ዶክተሩ ሁለቱንም መረመሩ፤ የባሰባት አራሷ ነበረችና እሷ ገባች።

ሲስተር ጽጌሬዳ አባታቸውን ኮሪደሩ ላይ በጎናቸው አስተኝተው ከተገኘችው ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር አያያዟቸው። አቶ አድማሴ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ማን ገባ?» ብለው ጠየቁ።

«አራስ ናት፣ አባዬ።»

«እሰይ! ደግ አረጋችሁ።»

ሲስተር ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ከዚያም እንባቸውን ጠርገው ወጡ። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣሩ መሣሪያዎች በእርዳታ መጥተው ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን የሆስፒታሉ ጄኔሬተር እነሱን ጨምሮ መሸከም አይችልም። ስለዚህ ሲስተር በቀጥታ ወደ አቶ አገኘሁ የሩዝ መፈተጊያ ሄዱ። ወቅቱ ወፍጮው ዕረፍት የማያገኝበት ነበር።

«አገኘሁ፣ ጄኔሬተርህን ለዚህ ሰሞን አውሰኝ። ሰው ደጅ ላይ እያለቀብኝ ነው።»

አቶ አገኘሁ ወፍጮውን አስቁመው ወረፋ የያዙትን ገበሬዎች ዞር ብለው አዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ምን ታየናለህ? ጫንላት እንጂ! ሩዙ ይሰንብት» አላቸው። ጄኔሬተሩን አይሱዙ ላይ የጫኑት እነዚያው ገበሬዎች ናቸው።

በዚያው ምሽት የሆስፒታሉ የስብሰባ አዳራሽ ስድስት ተጨማሪ አልጋ ያለው ክፍል ሆነ። አቶ አድማሴም ገቡ። በዚያ ወር ሊተርፉ ያልቻሉ ወገኖች ነበሩ፤ ሲስተር ስማቸውን እያነሡ ሻማ ያበሩላቸው ነበር። ውባንቺ ግን ልጇን አቅፋ ወጣች። አቶ አድማሴም በእግራቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም አምስት መኸር ሰብስበዋል። ቤተሰቡ ስለ እነዚህ ዓመታት እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ሲስተር ጽጌሬዳ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በሕመማቸው ወቅት ከአጠገባቸው ያልተለዩ የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ ይዘዋቸው የተመላለሱ ጎረቤቶችን፣ እንዲሁም ዛሬ ከየቀበሌው መጥታችሁ ደጃችንን የሞላችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሲስተር ጽጌሬዳ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አባትና እናታቸውን፣ አምስት ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ልጃቸውን ለሚቀብሩት ለአቶ አድማሴና ለወይዘሮ ሸጌ ጉልበት ይሁንልን። አሜን።