ያገኘቻት አንዷ ጥያቄ

እሑድ፣ ግንቦት 24 ቀን
ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍሌ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ? ጣራ ላይ ወጥተህ ቧንቧ መጠገንህን ጽፈህልኛል፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ጣራ ላይ ምን ይሠራል? መቼም ምክር አትሰማ። እኔ ደህና ነኝ። "ደህና ነኝ" ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ደግሞ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ልጄን ፍለጋ፣ ቀጥሎ አንተን ፍለጋ። አንተ እንደ ልማድህ የለህበትም። "ቧንቧው ተሠርቷል፤ ሙጫ ሂሳብ ጠፍቶባታል፤ መልመጃ አዘጋጅተሽ ላኪላት" ብለህ ፈርመሃል። ውጤቱን በቁጥር መጻፍህ ግን ጥሩ ነው፦ በመጀመሪያው የምርጫ ፈተና ከሃያው ጥያቄ ዜሮ፣ በሁለተኛው ከሃያው አንድ። "የሂሳብ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ አታፍሪም ወይ" ማለትህንም ጽፈሃል። ይህ አልጣመኝም። ከቀሚሴ አልላቀቅ ብትል ሙጫ ብለህ ስም ያወጣህላት አንተው ነህ፤ የሚያሳፍራት ስም ግን አታውጣላት።

መልመጃውን ፖስታው ውስጥ ፈልገህ አጥተኸው ይሆናል። ጀምሬው ነበር፤ ለምን እንዳልጨረስኩት ልንገርህ። ረዘም ይላልና ወንበር ሳብ።

ያለሁበትን ቤት በደንብ ነግሬህ አላውቅም። የማስጠናት ሥራ አገኘሁ፣ ማደሪያም ሰጥተውኛል ብዬ ነው ያለፍኩት። አባትየው መሬት ቀያሽ ነው፣ ፎቅ ላይ ይኖራል። እናትየው ፋርማሲስት ናት፣ ምድር ቤት ትኖራለች። የኔ ክፍል በሁለቱ መሐል፣ ደረጃው ሥር ናት። ጣሪያዋ ተዳፋት ስለሆነ ቀና ብዬ የምቆመው በሩ አጠገብ ብቻ ነው። መስኮቱን ስከፍት የጎረቤት ግንብ አፍንጫዬን ይነካኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ከአናቴ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱ እንዳይገናኙ እየተጠባበቁ ነው የሚወጡትና የሚወርዱት፤ አንዱ ሲራመድ ሌላው በሩን ይዞ ትንፋሹን ውጦ ሲቆም ይሰማኛል።

አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በኔ ነው። "ቲቸር፣ ነገ ውኃ ሊጠፋ ነው በይው" ትለኛለች፣ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሾርባ እየጠጣ። "ሰምቻለሁ በያት" ይለኛል። እኔም "ሰምቷል" እላታለሁ። እንደሰማ ሰምታለች እኮ! ዲግሪ ይዤ የሰው ስልክ ሆኜ ቀረሁ።

ሊፋቱ ተስማምተዋል። ግን ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን እስክታልፍ አንድ ጣራ ሥር እንቆይ፣ ትምህርቷ እንዳይበላሽ ተባባሉ። ልጅቷ ወደቀች። ዳግመኛ ተቀመጠች፣ ወደቀች። የፊታችን ማክሰኞ ሦስተኛዋ ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ያቺ ቀን በቀይ ተከባለች፤ ማን እንደከበባት ባላውቅም ሁለቱም ሲያልፉ ያዩዋታል። "ብቻ ትለፍልን" ይላሉ፣ እሱም ለብቻው፣ እሷም ለብቻዋ። የሚስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

እኔም ለሦስት ወር ብዬ መጥቼ ይኸው ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቆለፈብኝ ሰው የለም። በወደቀች ቁጥር "ቲቸር፣ አንድ ዓመት ብቻ ታገሽን" ይሉኛል፤ እኔም እታገሣለሁ። ወጥቼ ወዴት እሄዳለሁ? በሩ ክፍት ሆኖ መታፈን እንዳለ እዚህ ቤት ነው የተማርኩት። አንዳንድ ቀን አየር ያጥረኛል፤ እውነቴን ነው የምልህ።

ልጅቷን "ጠበቃ" ብዬ ነው የምጠራት፤ ሳትከራከር የምትቀበለው ነገር የለም። ማስጠናቱ ከሰዓት በኋላ በምግቡ ጠረጴዛ ላይ ነው። የኔን ዘዴ ታውቀዋለህ፦ ምርጫዎቹን በማስመሪያ ሸፍኜ መጀመሪያ መልሱን ራሷ ሠርታ እንድታወጣ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ማስመሪያውን አነሳለሁ። ፈተና የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብሎ አይደረድርም። አንዷ ምልክት ለሚገለብጥ፣ አንዷ ለሁለት ማካፈል ለሚረሳ የተጠመደች ወጥመድ ናት። ጠበቃ ይህን ሁሉ ስነግራት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሲፈትኗት ትወድቃለች። እኔም ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ፣ ኳድራቲክን እንደ አዲስ እጀምራለሁ፣ ሎጋሪዝምን በሥዕል አስረዳለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ የሞዴል ፈተና ወሰደች። ከአርባው ጥያቄ አንድ አገኘች። እናትየው ወረቀቱን አይታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ጥያቄ አራት ምርጫ አለው። ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያከብብ አሥር አካባቢ ያገኛል፤ ዕድል ፊቷን ብታዞርበት ስድስት፣ ሰባት። አንድ ግን? አስጠራኋት።

"ጠበቃዬ፣ የማያውቅ ሰው በዕድል አሥር ያገኛል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጥያቄ ለመሳት እኮ ሠላሳ ዘጠኙንም ማወቅ ያስፈልጋል" አልኳት።

አልተከራከረችኝም። እሷ ሳትከራከር ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ያገኘኋት የትኛዋን ነው?" አለችኝ።

"አሥራ ሰባተኛዋን።"

ወረቀቱን ስባ አየችና ፊቷ ተኮማተረ። "ይቺንማ የምሬን ተሳስቼ ነው! መልሱ 'ሐ' መስሎኝ እኮ ነው 'ለ'ን ያከበብኩት።"

ሳላስበው በሣቅ ፈነዳሁ። ከአርባው የማታውቃት ያቺን ያገኘቻትን ብቻ ነበር። እሷም ሣቀች፤ ሣቋ መሐል ላይ ተሰበረና ማልቀስ ጀመረች።

"ቲቸር፣ እኔ ያለፍኩ ዕለት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? አባዬ ሻንጣውን አዘጋጅቶ አልጋው ሥር ካስቀመጠ ቆየ። እማዬም ቤት አይታለች። እኔ እስከወደቅኩ ድረስ ነው ቤተሰብ ያለኝ። ለማንም አይናገሩብኝ። ይማሉልኝ።"

አንጀቴን በላችው፣ ማልኩላት። መማሉ ቀላል ነው፣ መኖሩ ነው ጭንቁ። እናትየው በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ቲቸር፣ ተስፋ አላት?" ትለኛለች፤ "አላት" እላታለሁ። ብናገር ልጅቷን ከዳኋት። ዝም ብል ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እየተሸሻሹ ያረጃሉ፣ እሷም የሃያ ዓመት ልጅ ሆና የቤቱ ምሰሶ ሆና ትቀራለች። ምሰሶ ደግሞ የትም አይሄድም። እኔም ጥርሴን ነክሼ ማስመሪያዬን እያነሳሁ እየጣልኩ ቆየሁ። በሚቀጥለው ሞዴል ፈተና ስንት ብታመጣ ጥሩ ነው? ልክ አሥር! "እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ የማያውቅ ሰው አሥር ያገኛል ያሉኝ?" አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

እንግዲህ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ወዳንተ ደብዳቤ ልመለስ። ዓርብ ከሰዓት ለሙጫ መልመጃ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ክፍልፋይ፣ ባለ አንድ ተለዋዋጭ እኩልታ፣ ትንሽ ጂኦሜትሪ። ጠበቃ ጽሕፈቷ ከኔ ስለሚያምር እሷ ትገለብጥልኛለች። ከየት ልጀምርላት እያልኩ ያንተን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "በመጀመሪያው ዜሮ፣ በሁለተኛው ከሃያው አንድ።"

እስክሪብቶው ቆመ።

"ምርጫ ነው?"

"ምርጫ ነው።"

"ባለ አራት?"

"ባለ አራት። ምነው?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቲቸር፣ ይቺ ልጅ መልመጃ አያስፈልጋትም።"

"እንዴት?"

"ያስሉት እንጂ! ዓይኗን ብትጨፍን አምስት አታገኝም?" አለችና፣ እንደ መጠየቅም እንደ ማዘንም አድርጋ፣ "ትቷት የሄደው ማነው?" አለችኝ።

ለሥራ ነው የሄድኩት አልኳት። ሙጫን ያልናትን ነው የነገርኳት፦ እናትሽ ሥራ አግኝታ ነው፣ ትምህርትሽን ስትጨርሺ ትመጣለች። ጠበቃ ራሷን ነቀነቀች። "እንደዚያ ነው ያላችኋት? ኧረ ቲቸር፤ እኛ እናውቃለን እኮ።"

"እኛ" አለችኝ። የኔን ልጅ አይታት አታውቅም፤ ሁለቱን በአንድ ወገን አስቀመጠቻቸው፣ እኔን በሌላው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ስሌት በሰው ልጅ ላይ አውቄ በራሴ ልጅ ላይ አላየሁትም። ተማሪዬ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ውኃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና የጀመርነውን መልመጃ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አየህ አይደል? እናቷ ምን ታስተምራለች? ሂሳብ። ሂሳብ ለጠፋበት ልጅ ማን ይመጣለታል? ልጃችን ጠፍቶባት አይደለም፤ እየጠራችኝ ነው። አንተ ደግሞ ጥሪዋን ተቀብለህ መልመጃ ላኪ ብለህ ጻፍክ። አልፈርድብህም፣ እኔም ላዘጋጅ ተቀምጬ ነበር።

ትናንት ምሳ ላይ እናትየው "ቲቸር፣ ጨው አቀብለኝ በይው" አለችኝ። ጨው እሱ ጋ ነው። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "ከዛሬ ጀምሮ መልእክት አላደርስም" አልኩ። "እሷ ያቻትልህ፣ እሱም ያውልሽ። ማክሰኞ ልጃችሁ ከመግባቷ በፊት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አነጋግሯት። ብታልፍ ምን እንደሚሆን፣ ብትወድቅም ምን እንደሚሆን፣ ከሁለታችሁም አፍ ትስማ።" መሐላዬን አላፈረስኩም፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ጠበቃ ሳህኗን ነበር የምታየው። አሁን ሻንጣሽን ያዢ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። ጨውን ገፋ አደረገላት።

"በስንት ሰዓት ነው የምትገባው?" አለ። ለኔ አልነበረም።

"ሁለት ሰዓት ተኩል" አለች እናትየው።

ይኸው ነው፣ ሌላ አልተባባሉም። ታረቁ እንዳትለኝ፤ የሚታረቁ አይመስለኝም። ግን ምሳው ሳይጠናቀቅ ማንም ከጠረጴዛው አልተነሳም።

ዛሬ ጠዋት ጠበቃ በሬን አንኳኩታ፣ ጎንበስ ብላ ገባችና "ቲቸር፣ ያቺን አሥራ ሰባተኛዋን እንከልሳት" አለችኝ። ሠራናት። ምልክት ገልብጣ ኖሯል። ማክሰኞ ምን ልታከብብ እንዳሰበች አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም። ውጤቱ የሷ ነው። ስትወጣ ግን በሩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልዘጋሁትም።

መልመጃ አልላክሁም። ማክሰኞ ጠበቃን እስከ ፈተናው በር እሸኛታለሁ፤ ረቡዕ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ለአንተ ነው የምመጣው አልልህም፤ አንተና እኔ የት እንደቆምን ይህን ሁሉ ጊዜ አስቤም አላወቅኩትም። እናፍቅሻለሁ ወይ ካልከኝ፣ ጣራ ላይ ሆነህ መዶሻ አቀብዪኝ ብለህ የምትጮኸው ይናፍቀኛል። ግን "ለሥራ ነው የሄደችው" የሚለውን ውሸት ለልጃችን ሁለታችን ሆነን ነው የነገርናት፤ እውነቱንም፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለታችን ሆነን እንንገራት። እሷ በውጤቷ ቤት ደግፋ እንድትቆም አልፈልግም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ደብዳቤውን አታንብብላት፤ እንዳትቆጣትም። "እናትሽ ውጤትሽን አይታዋለች" ብቻ በላት፤ ይገባታል። የሁለተኛውን ፈተና ወረቀት ደግሞ ፈልገህ አስቀምጥልኝ። ያገኘቻት አንዷ ጥያቄ የትኛዋ እንደሆነች ማየት እፈልጋለሁ። የማታውቀው እሷን ብቻ ነው፤ እሷን ቁጭ ብዬ አስጠናታለሁ።

አምላክ ወገብህን ይማርልህ፣ ቤቱን ከሚያፈስ ነገር ሁሉ ይጠብቅልህ። ሙጫዬን ግንባሯን ሳምልኝ፤ እንዴት ነው የሚሳመው እንዳትለኝ።

የበሩ ቁልፍ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቁልፉን ቀይረኸው ከሆነም አትጨነቅ፤ አንኳኳለሁ።

የሙጫ እናት